ሐሊማ ጨው የተወችበት ሰሞን

ስልኬ ሲጠራ መብራት ጠፍቶ፣ የቢሮው ማራገቢያ ቆሞ፣ በካርቶን ክዳን ራሴን እያራገብኩ ነበር። ሰመራ ላይ በቀትር መብራት ከጠፋ የሚሠራ ሰው የለም፤ ሁሉም ስለ ሙቀቱ ያወራል። የደወለው ጋሽ በላይ ነው፤ ከጅቡቲ ነዳጅ የሚያመላልስ የቦቴ ሾፌር። ሰመራን ሲያልፍ ድምፄን ሳይሰማ አይሄድም።

«መምህርት፣ ሐሊማን እኮ ትናንት ሸኘናት» አለኝ።

ክው አልኩ። ካርቶኑ ከእጄ ወደቀ። መደንገጤ ገባው መሰለኝ፣ «ኧረ! ኧረ ወደ አገሯ! ወሎ ገባች ነው ያልኩሽ!» ብሎ ጮኸ። «ልጇ ወልዳላት፣ አራስ ጥየቃ ብላ ተነሥታ፣ በዚያው መቅረቷ ነው። ምግብ ቤቱን ለእህቷ ልጅ ሰጥታ፣ ዕቃዋን ጭነን፣ አዋሽ በሙሉ ወጥቶ ሸኛት።»

«አንተ ሰውዬ፣ ልትገለኝ ነው?» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። አዋሽን ያለ ሐሊማ ማሰብ ይከብደኛል።

መጀመሪያ ያገኘኋት የሒሳብ መምህርት ሆኜ አዋሽ የተመደብኩ ጊዜ ነው። ከደብረ ብርሃን ብርድ ወጥቼ ከአውቶቡስ ስወርድ ምድጃ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ሻንጣዬን ይዤ ዋናው መንገድ ዳር ቆሜ ወዴት እንደምሄድ ሳስብ፣ ከአንድ ምግብ ቤት በር ላይ ከባድ የሴት ድምፅ ጠራኝ።

«አንቺ ልጅ! ፀሐዩ የመጣሽበት አገር ፀሐይ መስሎሻል? ግቢ!»

ገባሁ። ረጅም፣ ክንደ ወፍራም፣ ፊቷ የሚያበራ ሴት ናት። ወንበር ሳበችልኝና ውሃ አቀረበች። ማን እንደሆንኩ፣ ለምን እንደመጣሁ ልነግራት ስጀምር በእጇ አስቆመችኝ።

«ብዪና ንገሪኝ» አለች።

አንገቴ ላይ ማተቤን አይታ ኖሮ ሳልጠይቃት ሽሮ አመጣችልኝ። ያን ቀን ረቡዕ ነበር። ከጓሮ ካሏት የሚከራዩ ክፍሎች አንዱን ያን ዕለት ማታ ተከራየሁ፤ ወደ ሰመራ ትምህርት ቢሮ እስክዛወር ድረስም ከዚያ አልወጣሁም። አንቱ ልላት ስሞክር፣ «እኔን አታስረጂኝ፤ አንቺ በይኝ» ብላ ስለቆጣችኝ፣ እትዬ እያልኩ አንቺ እላታለሁ።

«ብላና ንገረኝ» ለማንም የምትለው ነው። ጎማ የፈነዳበት፣ ሚስቱ የኮበለለችበት፣ ፖሊስ መንጃ ፈቃዱን የያዘበት ሾፌር እየተንተገተገ ሲገባ ጆሮ አትሰጠውም፤ መጀመሪያ ትመግበዋለች። አንድ ጊዜ ሁለት ሾፌሮች መኪናቸው ተነካክቶ፣ ዱላ ይዘው እየተሰዳደቡ በሯ ላይ ደረሱ። ሐሊማ መሐላቸው ገብታ፣ ሁለቱንም አንድ ገበታ ላይ አስቀምጣ፣ አንድ ትሪ ሩዝ በሥጋ አቀረበች።

«ሆዳችሁ ሲሞላ ትጣላላችሁ። አሁን ጉልበትም የላችሁ» አለቻቸው።

ኩርፊያቸውን ይዘው መብላት ጀመሩ። ከትሪው ግማሽ ሲደርሱ አንደኛው ሥጋውን ወደ ሌላው ገፋ። ከዚያ በኋላ የተጣሉበትን ነገር ያነሣ የለም።

ድምፅዋ የመንገዱ ምልክት ነበር። መኪኖቹን በክላክሳቸው ለይታ ታውቃለች፤ ገና ከሩቅ ሲነፉ በሩ ላይ ቆማ፣ ሊጥ የነካው እጇ ሻሿን እንዳያቆሽሽ በክንዷ ወደ ኋላ ገፋ እያደረገች፣ «በላይ! ዘገየህ! ምን ሆነህ ነው?» ትላለች፤ ጋሽ በላይ ከዚያ ማዶ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ይሰማታል። በመውሊድ ሰሞን ደግሞ ሴቶቹ ተሰብስበው መንዙማ ሲሉ የምታወርደው እሷ ናት። እኔ ክርስቲያኗ ከክፍሌ ደጃፍ ተቀምጬ ስሰማት ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

እብጠቱን መጀመሪያ ያየችው ለዒድ ቀሚስ ልትሰፋላት አንገቷን የለካቻት ልብስ ሰፊ ናት። «ሐሊማ፣ እዚህ ጋ ምን አለሽ?» አለቻት። ሐሊማ ግድ አልሰጣትም።

«እንቅርት ነው። እናቴም ነበራት፣ አክስቴም ነበራት። የእኛ አገር ሴት ያለ እንቅርት አታምርም» ብላ ሳቀች።

አያምም። አያስቸግርም። ስለዚህ ተወችው። ሾፌሮቹ ግን ምክር አላቆሙም፤ «ሐሊማ፣ አዮዲን ያለው ጨው ብዪ፣ ይጠፋል» ይሏታል። ከአፍዴራ ጨው ጭነው በደጇ የሚያልፉትም ሳይቀሩ ይመክሯታል። ዓመት ያህል እንዲህ ሄደ። ከዚያ ድምፅዋ ሻከር አለ። ጉንፋን ነው አለች። ጉንፋኑ ሳይለቃት ወራት አለፉ። እንጀራ ስትውጥ አንገቷን ቀና ማድረግ ጀመረች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓሮ ተቀምጣ ከጆሮዋ በታች፣ በአንገቷ ጎን፣ በጣቷ እየነካካች አገኘኋት።

«ነይ እስቲ ንኪው። ይሄ አዲስ ነው» አለችኝ።

ነካሁት። ባቄላ የሚያህል፣ ጠጠር ያለ ነገር ነው።

«ተረቱ እኔ ላይ ደረሰ» አለች። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።»

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። በማግሥቱ ክላስ ስላልነበረኝ እጇን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ጤና መኮንኑ ረጋ ያለ ሰው ነው። ከኋላዋ ቆሞ አንገቷን በሁለት እጁ ዳሰሰ፤ ውሃ እንድትውጥ አደረጋት፤ ከጆሮዋ ሥር ያለውን ነካ። ድምፅዋ ከመቼ ጀምሮ እንደሻከረ ጠየቃት።

«አብዛኛው የአንገት እብጠት ክፉ አይደለም» አለን። «ግን ይሄኛው ጠንክሯል፣ ጎንዋም ላይ ወጥቷል፣ ድምፅዋንም ነክቷል። እንዲህ ሲሆን በግምት አይታለፍም። አዲስ አበባ ሄዳ ትመርመር።» ሪፈር ጻፈላት።

ሐሊማ ዒድ ይለፍ አለች። ዒድ ሲያልፍ ደግሞ የዱቄት ጭነት ይግባልኝ አለች። ትምህርት ተዘግቶ ክረምት ሲገባ ግን ምክንያት አለቀባት፤ ጋሽ በላይ ቦቴውን በሯ ላይ አቁሞ፣ «ካልወጣሽ ከነቤትሽ ጎትቼ እወስድሻለሁ» አለ። ወጣን። ጋቢና ውስጥ ከፍ ብላ ስትቀመጥ መንገዱን እንደ አዲስ አየችው።

«ስንቱን ሾፌር ስመግብ ኖሬ፣ አንድም ቀን የት እንደሚሄድ አላየሁም ነበር» አለች። መተሐራ እስክንደርስ ያየችውን ሁሉ ስታደንቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ እጇ አንገቷ ላይ ቀረ።

አዲስ አበባ እህቴ ቤት አረፍን። ሆስፒታሉ ውስጥ ደም ተቀዳች። ቀጥሎ አንገቷን በአልትራሳውንድ አዩአት፤ እብጠቱ የቱ ጋ እንዳለ፣ መልኩ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ነው። ከዚያ በቀጭን መርፌ ከአንገቷ መሐል ካለውም ከጎንዋ ካለውም ናሙና ወሰዱ። ሐሊማ መርፌው ሲገባ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር፤ ዱዓ እያደረገች ነው። ሲጨርሱ፣ «ይሄው ነው? በርበሬ ስቀነጥስ ከዚህ የበለጠ ያቃጥለኛል» አለች።

ውጤቱን የነገረን ሐኪም ገና ወጣት ነው። ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ነው። ወረቀቱን ገለጠ፣ ዘጋ፣ እንደገና ገለጠ። ከየት እንደሚጀምር የቸገረው ሰው ይመስላል። ሐሊማ አየችው።

«ልጄ፣ ቁርስ በልተሃል?» አለችው።

ሐኪሙ ደነገጠ። «አይ... አዳር ነበርኩ» አለ።

ከቦርሳዋ በፎጣ የጠቀለለችውን ዳቦ አውጥታ ቆርሳ ሰጠችው። እንቢ ሊል ሞከረ፤ ሐሊማን እንቢ ማለት ግን አይቻልም። ከጎረሰ በኋላ፣ «አሁን ንገረኝ። እኔ የመጣሁት ለመስማት ነው» አለችው።

ነገራት። የታይሮይድ ካንሰር ነው። ታይሮይድ ማለት አንገት ውስጥ፣ ከማንቁርት በታች፣ ቢራቢሮ ክንፏን ዘርግታ የተቀመጠች የምትመስል እጢ እንደሆነች በወረቀት ላይ ሥሎ አሳያት። ሰውነታችን እንዲሞቅ፣ ልባችን እንዲመታ፣ ጉልበት እንዲኖረን የሚያደርገውን ሆርሞን የምታመርተው እሷ ናት። ከጆሮዋ ሥር የወጣው ጆሮ ደግፍ ሳይሆን ሕመሙ የደረሰበት ንፍፊት ነው።

«ካንሰር ማለት መሞት ማለት ነው?» አለች ሐሊማ። እጇን ያዝኳት።

«የአንቺ ዓይነቱ ፓፒላሪ ይባላል» አላት። «ካንሰር ከተባሉት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ በደንብ ከታከመ አብዛኛው ሰው የሚድንበት ነው። እጢዋን እናወጣለን፤ የጎንዋንም እንለቅማለን። ግን አንድ ነገር ልደብቅሽ አልፈልግም። ድምፅ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በእጢዋ ሥር ነው የሚያልፈው። የአንቺን ሕመሙ ነክቶታል። ድምፅሽ እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል።»

ሐሊማ ሥዕሉን ወደ ራሷ ሳበችው። «እህ» ብቻ አለች።

ያን ዕለት ለወንድሟ ደወለች። አያ ይማም ከወሎ ገስግሰው መጡ፤ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ቁመታቸው እንደ እሷ የረዘመ ሽማግሌ። ገና ከበሩ፣ «አትቀደጅም!» አሉ። «ነቀርሳ ቢላ ከነካው ይበተናል። ስንቱን አይተናል! እናታችን በእንቅርቷ ሰማንያ ዓመት ኖረች። ጸበሉም፣ ዱዓውም አለ። አላህ የሰጠውን አላህ ያነሣዋል።»

«አያዬ፣ ቤቴ ቢቃጠል ጎረቤት አልጠራም?» አለቻቸው።

«ትጠሪያለሽ እንጂ።»

«ጎረቤት መጥራቴ አላህን መካድ ነው?»

አያ ይማም ጢማቸውን ይዘው ተቀመጡ። በማግሥቱ ከእኛ ጋር ሆስፒታል ሄደው ያንኑ ጥያቄ ለሐኪሙ አቀረቡለት። ሐኪሙም አላላገጠባቸውም። «አባቴ፣ ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ሕመሙ ሄዶ ሄዶ ሲያበቃ ነው። ተቀድዶ ሲሞት ቢላው ገደለው ይባላል። የገደለው መዘግየቱ ነው» አላቸው። ሽማግሌው ካሰቡ በኋላ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣሉና፣ «ለቀዶው ደም የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል ሲሉ ሰምቻለሁ። የእኔ ያረጀ ደም ይሆናችኋል?» አሉ። ለዕድሜያቸው አይሆንም ቢባሉ ተቆጡ። በመጨረሻ የሰጠው አብሯቸው የመጣው የሐሊማ እህት ልጅ ነው፤ እሳቸው ግን አጠገቡ ቆመው ደሙ እስኪሞላ ክንዱን ይዘውለት ነበር።

ቀዶ ሕክምናው ከጠዋት እስከ ቀትር ቆየ። ስትወጣ አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ከጎኗ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጣቶቿንና የከንፈሯን ዳር ጉንዳን የወረረው መሰላት፤ ነርሷ ስትሰማ አልደነገጠችም፤ ከታይሮይድ ጀርባ ያሉ ትንንሽ እጢዎች ሲደነግጡ ካልሲየም ይጎድላል ብላ ኪኒን ሰጠቻት። ጉንዳኑ ሄደ። ድምፅዋ ግን አልነበረም። አፏን ትከፍታለች፤ የሚወጣው ትንፋሽ ነው።

በዚህ መሐል አዋሽ ላይ ሐሊማ ሞተች ተብሎ ተወራ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ጋሽ በላይ እያለቀሰ ደወለልኝ፤ «መቼ ነው የምትቀበረው? ሾፌሮቹ ተሰብስበናል» አለ። ስልኩን ለሐሊማ ሰጠኋት።

«አለሁ» አለች፤ የሚሰማው ሹክሹክታ ብቻ ነው።

«ማነሽ አንቺ?» አላት።

«ሐሊማ ነኝ።»

«አትቀልጂ! የሐሊማን ድምፅ አላውቅም እንዴ?»

ሐሊማ ዓይኗን ወደ ጣራው አድርጋ አሰበች። ከዚያ ያላትን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስባ፣ «አንተ ሆዳም፣ ዱለት ውስጥ ሚጥሚጣ ነስንሰህ ነስንሰህ ሲያስነጥስህ ሳህኑን የደፋህብኝ ረሳኸው?» አለችው።

በስልኩ ውስጥ የሰማሁት ለቅሶ ይሁን ሳቅ ለይቼ አላውቅም። ከኋላው ግን የብዙ ወንዶች ሁካታ፣ ቀጥሎም ክላክስ ተሰማ፤ አንዱ ጀመረ፣ ሌሎቹ ተከተሉት። ሐሊማ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ እያዳመጠች አንድ በአንድ ለየቻቸው።

ፋሻው ሲነሣ አንገቷ ላይ ቀጭን መስመር ቀረ። መስታወት ሰጠኋት። አገላብጣ አየችውና ወደ እኔ ዞረች።

«ይኸው እኔም ማተብ አሰርኩ» አለች። አያ ይማም «አስተግፊሩላህ!» ብለው ሲቆጧት በድምፅ አልባ ሳቅ ትከሻዋ ተናወጠ።

ከዚያ በኋላ ነው ጨው የተወችው። ከቀዶው የተረፈ የታይሮይድ ሕዋስ ካለ እሱን ፈልጎ የሚያጠፋ፣ ጨረር ያለው አዮዲን ልትወስድ ነው። ታይሮይድ አዮዲን ወዳድ ናት፤ ሕዋሷ ሲርበው መድኃኒቱን እንዲስበው፣ አስቀድሞ አዮዲን ከምግብ መቀነስ አለበት። ስለዚህ አዮዲን ያለው ጨው፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ ለጊዜው ተከለከለች። ተራዋ እስኪደርስ አዋሽ ተመልሳ ነበርና፣ ሾፌሮቹን ቅመም ባለው ወጥ እያጠገበች እሷ ጨው ያልነካው ቅንጬ ትበላለች።

«ዓለም እንዴት ነው?» ትለኝ ነበር በዚያ ሹክሹክታዋ። «ጨው አነሰሽ ሲሉኝ ኖረው፣ አሁን ጨው ተይ አሉኝ።»

መድኃኒቱን አዲስ አበባ ዋጠች። አንዲት ኪኒን ናት። ከዋጠች በኋላ ለብቻዋ ክፍል ውስጥ ቆየች፤ ምግቧን በር ላይ ያስቀምጡላታል። ወደ አዋሽ ስትመለስም ለጥቂት ቀን ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡር እንድትርቅ፣ ሌላው ሰውም እንዳይጠጋት ተነገራት። ሰው ሳይከባት ውላ የማታውቅ ሴት! ጓሮ ኒም ዛፉ ሥር ወንበር አወጣች። ሾፌሮቹ ደግሞ ከግቢው ማዶ ግድግዳ ሥር ተደርድረው ተቀመጡ። እነሱ ይጮኻሉ፤ እሷ መጮኽ ስለማትችል በእጇ ትመልሳለች። አንድ ሾፌር ስለ አማቱ ሲያማርር፣ ሐሊማ እጇን ወደ አፏ፣ ከዚያ ወደ እሱ አመለከተች። ሁሉም በአንድነት «ብላና ንገረኝ!» ብለው ጮኹ። እንዲህ የሳቀ ግቢ አይቼ አላውቅም።

ስታለቅስ ያየኋት አንዴ ብቻ ነው። መውሊድ ደርሶ ሴቶቹ ተሰበሰቡ። እንደ ልማዷ መንዙማውን ልታወርድ ጀመረች፤ ድምፅዋ በዚያን ጊዜ በከፊል ተመልሶ፣ ሻካራና ዝቅ ያለ ሆኖ ነበር። ከፍ የሚለው ቦታ ሲደርስ ተቆረጠ። ሌላ ሴት ተቀበለቻት። ሐሊማ እያጨበጨበች እስከ መጨረሻው ቆየች። ኋላ የሽንኩርት ጆንያዎቹ ካሉበት ክፍል ስገባ ጆንያ ላይ ተቀምጣ እንባዋ ይወርዳል።

«ሽንኩርቱ ነው» አለችኝ። ጆንያዎቹ አልተፈቱም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቆይታ ፊቷን በሻሿ ጠረገችና፣ «ጥሩ ድምፅ ነበረኝ፣ አይደል?» አለች።

«ሰውነቴን ውርር ያደርገኝ ነበር» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ። ሰምተሽዋል።» ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች።

በቀጣዩ ዓመት መውሊድ ላይ ግጥሙን መስመር በመስመር በዚያ ሻካራ ድምፅ እየተናገረች ለወጣቶቹ ሴቶች ስታቀብል፣ እነሱ ሲያዜሙት አየሁ። ከበሮውንም ራሷ ትመታ ነበር።

እጢዋ ከወጣች ወዲህ ሆርሞኑን የምታገኘው ከኪኒን ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ። ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ ትውጥና ምግብ እስክትቀምስ ትቆያለች። ለምግብ አብሳይ ጠዋት ወጥ ሳትቀምስ መቆየት ከባድ ነው፤ ቅምሻውን ለእኔ ሰጠችኝ፤ በጾም ቀን ሽሮውን ብቻ። ረመዳን ሲገባ ሐኪሟን ጠይቃ፣ ለሱሑር እንደነቃች ኪኒኗን ትውጥና ቆይታ ትበላለች። ኪኒኑ አዋሽ ሲጠፋ ሾፌሮቹ ከአዳማም ከድሬዳዋም ያመጡላታል፤ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ ስለሚያመጣ መደርደሪያዋ ፋርማሲ መሰለ። ለምርመራ አዲስ አበባ ስትሄድ ደሟን ያያሉ፣ አንገቷን በአልትራሳውንድ ይፈትሻሉ፣ መጠኑንም ያስተካክላሉ። በመጣች ቁጥር መንገዱ ላይ ያገኘችውን ሁሉ፣ «ንጹሕ ነው አሉኝ!» ትላለች።

እኔ ወደ ሰመራ ተዛወርኩ። አንድ ቀን በቀትር በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሐሊማ ናት። ከኋላዋ አንዲት ወጣት የአፋር ሴትና ባሏ ቆመዋል፤ ውጭ ያመጣቸው ባጃጅ ይጠብቃል።

«ፋጡማ ትባላለች፤ ከአዳይቱ ናት። ባሏ አሊ ነው» አለችኝ። «አንገቷን እዪው።»

የፋጡማ አንገት ላይ እብጠት አለ። በላዩ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰበት ጠባሳ ይታያል። አሊ ፍየል ሊሸጥ ገዋኔ ሲመጣ ስለ ሐሊማ ከአንድ ሾፌር ሰምቶ ነው ሚስቱን ይዞ አዋሽ ድረስ የሄደው። ሐሊማ ደግሞ ምግብ ቤቷን ዘግታ ወደ ሰመራ መልሳ አመጣቻቸው፤ አልትራሳውንዱ ለእነሱ የሚቀርባቸው እዚህ ነው።

ፋጡማ ፈርታለች። አማርኛዋ ጥቂት፣ የሐሊማ አፋርኛም ከእሱ አይሻልም። ሐሊማ ግን ሻሿን ፈታ አድርጋ የራሷን መስመር አሳየቻት፤ የፋጡማን ጣት ይዛ መስመሩ ላይ አስቀመጠችው። ልጅቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቷ ሄደችበት።

«አለሽ» አለቻት በአማርኛ።

«አለሁ» አለች ሐሊማ።

ምርመራው ተደረገ፤ ናሙናውም ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ ሁላቸውም እኔ ቤት ሰነበቱ። ሐሊማ የጎረቤቶቼን ሁሉ ሆድ አጠገበች፤ አሊን ሽንኩርት አስላጠችው። ለራሷ ውጤት ዳቦ እያደለች የጠበቀች ሴት፣ ለፋጡማ ስትጠብቅ ግን እንቅልፍ አጣች።

ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ ፈገግ አለች። «ካንሰር የለም። እንቅርት ብቻ ነው። ይታከማል» አለች። አሊ ለሚስቱ ተረጎመላት። ፋጡማ ሳቀች። ሐሊማ ግን የኮሪደሩ ወለል ላይ፣ እንደቆመች፣ ዝርፍጥ አለች። ተንደርድረን ስንይዛት፣ «ተዉኝ፣ ደስ ብሎኝ ነው። እንቅርት ብቻ! እንቅርት ብቻ ነው!» ትላለች፤ እንባዋ እየወረደ። የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆሞ አያት።

እንግዲህ ይቺ ናት ወሎ የገባችው። ጋሽ በላይ ከደወለልኝ በኋላ ደጋግሜ ብሞክር ስልኳ አልገባ አለኝ፤ ያገኘኋት ከወር በኋላ፣ ለምሳ ቤቴ ገብቼ ነው። ዘምዘም፣ ልጇ፣ አንስታ ሰጠቻት። ከወዲያ በኩል ጨቅላ ያለቅሳል፣ ዶሮ ይንጫጫል።

«ሳትነግሪኝ?» አልኳት።

«ብነግርሽ ታለቅሻለሽ። ዝም ብዬ ልሂድ አልኩ።» ያ ሻካራ ድምፅ። «ደህና ነኝ። ትላንት ደሜን አይተው ንጹሕ ነው አሉኝ። ግን ዘምዘም ሥራ አትሥሪ ብላ አስራኛለች። የገበያ ቀን ሲሆን የሰፈሩ ሴት ሁሉ አንገቱን ይዞ ይመጣል፤ እሱም ሥራ ከሆነ። አብዛኛው ምንም የለበትም። የከበደኝን ወደ ሐኪም እልካለሁ።»

«እሰይ» አልኳት።

«አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«አንገትሽን ነዋ! ሰዉን ሁሉ ስታስመረምሪ የራስሽን አይተሽ ታውቂያለሽ? መስታወት ፊት ቁሚ። ቀና በይና ውሃ ዋጪ። ሲወጣ ሲወርድ ጉብ የሚል ነገር ካለ እዪ። ከዛሬ ነገ እንዳትዪኝ!»

ጨቅላው ጮኸ፤ ስልኩን ሳትሰናበተኝ ዘጋችው።

ከወንበሬ ተነሣሁ። ማሰሮ ውስጥ ካለው ውሃ በብርጭቆ ቀዳሁና መስታወቱ ፊት ቆምኩ። አንገቴን ቀና አድርጌ ዋጥኩ፤ እያየሁ እንደገና ዋጥኩ። ምንም የለም። በብርጭቆው የቀረውን ውሃ ቆሜ ጨረስኩና፣ ያ የቀትር ፀሐይ ውጭ እየጠበቀኝ፣ ወደ ቢሮዬ ሄድኩ።